ለሚዛኑ ይህ ብቻ

ቬሊችካ ሌባ የተባለችው ዳቦ ቤት ውስጥ ነው፤ ከፊቷ ሦስት፣ ከኋላዋ አምስት ሰው ቆሞ እየሰማ። የሰደባትም እንግዳ ሰው አልነበረም። ጋሽ ሚንቾ ነው፤ አጥሩ ከአጥሯ የሚዋሰን፣ ባሏ የሞተ ጊዜ ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ የነበረ ጎረቤቷ። ስንዴውን በተሳቢ ጭኖ ጎተራው ደጃፍ ሦስት ቀን ሲጠብቅ ከርሟል። ዓይኑ ደም መስሎ፣ ሸሚዙ ላብ ጠጥቶ ደርቆ፣ ዳቦ ሊገዛ ብቻ ወደ ከተማ ብቅ ያለ ነበር።

«አንቺ እዚህ ቆመሽ ዳቦ ትመርጫለሽ!» አላት ገና ከበሩ ላይ። «የኛ እህል ተሳቢ ላይ ይሻግት!»

ቬሊችካ ለሌላ ሰው የተናገረ መሰላት። «እኔን ነው ጋሽ ሚንቾ?»

«ሌላ ሌባ አለ እንዴ እዚህ? ከሥራ ሲያሰናብቱሽ የሚዛኑን ዲስክ ይዘሽ ሄድሽ። ካምቡሮቭ ራሱ ነው በድምፅ ማጉያ የነገረን። ቂምሽ ከሱ ጋር ከሆነ ከሱ ጋር ተናነቂ! እኛ ምን አደረግንሽ?»

ዞር ስትል ከኋላዋ የቆመችው ሴት የእጅ ቦርሳዋን ቀስ አድርጋ ወደ ደረቷ ስትስብ አየቻት። ያኔ ደሟ ፈላ።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት!» አለች። ድምፅዋ ራሷን አስደነገጣት። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚያ ሚዛን ላይ ስቀመጥ አንዲት የስንዴ ፍሬ በጫማዬ ተጣብቃ ወጥታ አታውቅም! ዲስኩ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ነው ያለው። በእጄ ጽፌበታለሁ። ማንበብ ያቃተው ካለ የኔ ጥፋት ነው?»

«እንግዲያው ሄደሽ አሳዪያቸዋ!»

«እሄዳለሁ! እሄድና አሳያቸዋለሁ!»

ያነሳችውን ዳቦ መልሳ መደርደሪያው ላይ ጣል አድርጋ ወጣች።

ጎተራው ያለው ከቱትራካን ከተማ ወጣ ብሎ፣ ዳኑብ ወንዝ ዳር ነው። ድሮ የመንግሥት ነበር፤ በኋላ የግል ሆነ። ባለቤቱ ዋና ከተማው ሶፊያ ተቀምጦ ካምቡሮቭ የሚባል ኢንጂነር ሾመበት። የዚያ አገር ገበሬ ስንዴውን የሚያስረክበው እዚያ ነው። የጫነው ተሳቢ መጀመሪያ መሬት ውስጥ በተቀበረው ትልቅ ሚዛን ላይ ይቆማል፤ ተመዝኖ ያራግፋል፤ ባዶውን ተመልሶ ይመዘናል። ሚዛኑ ከቆመ ሁሉ ነገር ቀጥ ይላል። የድሮው የብረት ክንድ ቢኖር በእጅም መመዘን ይቻል ነበር፤ ካምቡሮቭ ግን «ሙዚየም አይደለንም» ብሎ ክንዱን አስነቅሎ ለብረት ሰብሳቢዎች ሰጥቶታል። የቀረው ኮምፒውተሩ ብቻ ነበር።

ያንን ኮምፒውተር ደግሞ ከቬሊችካ በላይ የሚያውቀው ሰው አልነበረም። የመመዘኛው ፕሮግራም የሚሠራው በዊንዶውስ ዘጠና ስምንት ነው። ዘጠና ስምንት የሚሉት ግን አንድ አይደለም፤ የመጀመሪያ እትም አለው፣ ሁለተኛ እትም አለው። ስማቸው አንድ፣ መልካቸው አንድ፤ ጠባያቸው ግን እንደ አንድ እናት ልጆች የተለያየ ነው። በተተከለበት ዓመት ከጎረቤት ከተማ ከሩሴ የመጣው ባለሙያ ልብ ሳይል የመጀመሪያውን ጭኖ ሦስት ቀን ፀጉሩን ሲነጭ፣ ቬሊችካ አጠገቡ ቆማ አይታለች። በኮምፒውተሩ ጀርባ የምትሰካ፣ የጣት ጫፍ የምታህል አረንጓዴ መሰኪያ አለች። ፕሮግራሙ እሷን ካላየ አልከፈትም ይላል። የመጀመሪያው እትም ደግሞ እሷን አያውቃትም። ባለሙያው በአራተኛው ቀን ሁለተኛውን እትም ይዞ መጣና ነገሩ በአንድ ከሰዓት አለቀ። ከዚያ ወዲያ ኮምፒውተሩ በታመመ ቁጥር ከባዶ የምትጭነው ራሷ ቬሊችካ ነበረች። የሩሴው ሱቅ ተዘግቶ ባለሙያው ጀርመን ሲገባም ማንም ችግሩን አላወቀው፤ እሷ ነበረችና። በሁለተኛው እትም ዲስክ ላይ በሰማያዊ ቀለም «ለሚዛኑ ይህ ብቻ» ብላ የጻፈችው ያን ጊዜ ነው።

በሚያዝያ ካምቡሮቭ ቢሮው ጠርቶ «ለድካምሽ እናመሰግናለን፤ እንግዲህ ጊዜው የወጣቶች ነው» አላት። ወጣት የተባለው የሚስቱ ወንድም ስቪለን ነው፤ ዕድሜው አርባ ሁለት። ቬሊችካ በመጨረሻው ቀን ቁም ሳጥኑን ከፍታ ዲስኩን አሳየችው። «ምንም ቢሆን ይሄን ማሽን አትንካው» አለችው። «ከነካኸውም በዚህ ብቻ።» እሱ በስልኩ እየተጫወተ «እሺ እትዬ፣ እሺ» ብሏት ነበር።

ይህን ሁሉ እያሰበች፣ ጥርሷን እያፋጨች ነው ወደ ጎተራው የሚወስደውን መንገድ የጀመረችው። የትራክተሩ ሰልፍ ከዋናው መንገድ ጀምሮ ሁለት ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከየተሳቢው ሥር ሰው ጋደም ብሏል። ሙቀቱ አስፋልቱን አልስልሶታል። ከወንዙ ማዶ፣ ከሮማኒያ በኩል፣ የደመና ግንብ እየተነሣ ነበር፤ ሁሉም በየተራ ወደዚያ ያያል።

ሲያዩዋት ፉጨት ተጀመረ።

«መጣች የዲስኳ እመቤት!»

«እትዬ፣ የት ሸጉጠሽው ነው የከረምሽው? ከፍራሽሽ ሥር?»

«የሸጎጥኩት ምላሴን ነው!» አለች ሳትቆም። «አሁን አወጣዋለሁ፤ ጠብቁ!»

አንዳንዱ ሳቀ። አብዛኛው አልሳቀም። የዓመት ልፋቱ ሸራ ለብሶ ሰማይ ሰማይ እያየ ያለ ሰው ምን ያስቀዋል? እሷም ይህንን ታውቃለች። ይበልጥ ያናደዳትም እሱ ነው፤ በነዚህ ሰዎች ቦታ ብትሆን እሷም የተባለውን ታምን ነበር።

ካምቡሮቭ ሚዛን ቤቱ በር ላይ ቆሞ ነበር። ነጭ ሸሚዝ፣ ሽቶ፣ ከቀበቶው በላይ የፈሰሰ ሆድ። እጁን ዘርግቶ ተቀበላት።

«ቬሊችካ! እግዜር ነው ያመጣሽ! ልልክብሽ ነበር እኮ።»

እጁን አልጨበጠችውም። «ሌባ ብለውኛል አሉ።»

«ማን፣ እኔ? በስመ አብ! ‹ዲስኩ አልተገኘም፤ በእሷ እጅ ነበር› ነው ያልኩት። ሌባ የሚለውን ሕዝቡ ነው የጨመረበት።»

«ሕዝቡ ጨመረበት።»

«ሕዝብን ታውቂው የለ! ነይ ግቢ፤ መጀመሪያ ሥራው፣ ወሬው ይደርሳል።»

ስቪለን ስክሪኑ ፊት ተቀምጦ የሱፍ ፍሬ ይፈለፍላል። የቁልፍ ሰሌዳው ላይ ቅርፊት ተበትኗል። ቬሊችካ በየማለዳው በእርጥብ ጨርቅ የምትወለውለው ሰሌዳ ነው።

«እስቲ ተነሥ» አለችው።

«እትዬ፣ ይሄ ማሽን እኮ ፍታት የሚገባው ነው» አለ እየተነሣ። «እኔ ዘመናዊውን ጫንኩለት፤ እምቢ ያለው እሱ ነው።»

«ምኑን ነው የጫንክለት?»

«ዊንዶውስ ኤክስፒን። የቤት እትሙን።»

«የቤት እትም! ይሄ ቤት ነው? መኝታ ቤትህ መሰለህ?»

«ቆንጆ ነበር እኮ። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ሜዳው፣ ሰማዩ... ፕሮግራሙም ተከፍቶ ነበር። ክብደቱ ብቻ ዜሮ አለ። ሃያ ቶን ብታቆሚበትም ዜሮ።»

«ዜሮ ይላላ! የድሮው ፕሮግራም ሚዛኑን የሚያናግረው በቀጥታ ነው። ኤክስፒ ደግሞ በረኛ ነው፤ ማንንም በቀጥታ አያስገባም። የመሥሪያ ቤት እትሙንም ብታመጣ፣ የንጉሥ እትም ቢኖረው እሱንም ብታመጣ፣ ዜሮ ነው! ይሄን ከመጫንህ በፊት ለምን አልጠየቅከኝም? ቤቴን አታውቀውም? አንድ ስልክ ያንስሃል?»

ስቪለን አማቹን አየ። አማቹ ጣሪያውን አየ።

ቀስ በቀስ ሁሉንም አናዘዘችው። ኤክስፒው ሲከሽፍበት ሩሴ ከሚገኝ ባዛር ዘጠና ስምንት የሚል ዲስክ ገዝቶ መጣ። ሊጭነው ሲል ኮምፒውተሩ «ሃርድ ዲስክ የለም» አለው፤ ኤክስፒው ሃርድ ዲስኩን በራሱ መንገድ አዘጋጅቶት ስለነበር አሮጌው ዘጠና ስምንት ሊያየው አልቻለም። አንድ ቀን በዚህ ሄደ። በሁለተኛው ቀን አንድ ጓደኛው በስልክ እየመራው ሁሉንም አጠፋና እንደገና ጫነው። ጫነው፤ ግን የመጀመሪያው እትም ነበር። አረንጓዴዋ መሰኪያ እንደተሰካች፣ ፕሮግራሙ ደግሞ «መሰኪያ የለም» እንዳለ ሦስተኛው ቀን ነጋ። ካምቡሮቭ ገበሬው ሲጮህበት ድምፅ ማጉያውን አንሥቶ የቬሊችካን ስም የጠራው በዚያ ጠዋት ነው።

ቬሊችካ ወደ ቁም ሳጥኑ ሄዳ ከፈተችው። የስቪለን ጃኬት፣ የዓሣ መንጠቆ፣ ግማሽ ሳጥን ቢራ። ከታች መሳቢያው ውስጥ ጥቁር ፕላስቲክ የለበሱት ፍሎፒዎቿ እንዳሉ ናቸው፤ የመመዘኛው ፕሮግራም ሦስቱ፣ የማስነሻው አንዱ። የሚያብረቀርቁት ክብ ዲስኮች ግን የሉም፤ አንድም የለም።

«እዚህ የነበሩት ዲስኮችስ?»

«ምንም ዲስክ አልነበረም» አለ ስቪለን፤ ዓይኑ መሬት ላይ።

«አየሽ!» አለ ካምቡሮቭ ፈጠን ብሎ። «እኔም የነገሩኝን ነው የተናገርኩት። እስቲ ረጋ ብለሽ አስቢ ቬሊችካ። በስህተትም ቢሆን፣ ከዕቃሽ ጋር ተቀላቅሎ...»

አላስጨረሰችውም። ወጣች። ከዚያ ብትቆይ እጇ የሚያነሣውን ነገር አታውቅም ነበር። ከሚዛን ቤቱ ጀርባ ቧንቧ አለ፤ ፊቷን ልትታጠብ ሄደች። ውሃው ለብ ያለ ነበር። በእጇ እያፈሰች አንገቷን፣ ግንባሯን፣ ዓይኗን አረጠበች። ቀና ስትል የሆነ ነገር አብረቅርቆ ዓይኗን ወጋት።

ከጓሮው ሦስት የአፕሪኮት ዛፎች አሉ። በዚያ ሰሞን ፍሬው የሚበስልበት ነው፤ ስቪለን ደግሞ አረቄ ሊያወጣበት የራሱ አድርጎት ነበር። ወፍ እንዳይበላው ቅርንጫፎቹ ላይ በክር ዲስኮች ተንጠልጥለዋል፤ የዚያ አገር ሰው ሁሉ እንዲያ ያደርጋል። አሥር አሥራ ሁለት ይሆናሉ። ነፋሱ መነሣት ጀምሮ ስለነበር ይሽከረከራሉ። አንዱ ዞር ሲል ሰማያዊ ጽሕፈት አየች። ተመልሶ ዞረ። ጠበቀች። እንደገና ሲዞር አነበበችው፤ የገዛ እጇን ጽሕፈት።

መጀመሪያ የመጣባት ሳቅ ነው፤ የማያምር ሳቅ። ቅርንጫፉን በሁለት እጇ ጎትታ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ሁለት የበሰሉ ፍሬዎች ወድቀው እግሯ ሥር ፈረጡ።

በሚዛን ቤቱ በኩል ሳይሆን ዞራ በፊት ለፊት፣ ትራክተሮቹ በቆሙበት በኩል መጣች። ዲስኩን ከራሷ በላይ ከፍ አድርጋ ይዛዋለች።

«ኑ እዩ!» ብላ ጮኸች። «ሌባዋ የሰረቀችውን ኑ እዩ! ቤቴ አይደለም ያገኘሁት! እዚህ፣ ጓሮ፣ ዛፍ ላይ! የኔን ስም ጭቃ ላይ ጎትታችሁ፣ የናንተን ስንዴ ፀሐይ ላይ አስጥታችሁ፣ ዲስኩ ወፍ ሲጠብቅላችሁ ከርሟል!»

ሰዎች ከየተሳቢው ሥር ተነሡ። ጋሽ ሚንቾም ዳቦውን በብብቱ እንደያዘ ቀረበ። ዲስኩን አየ፤ ጽሕፈቱን አነበበ፤ ከዚያ የትኛውንም ሰው ሳያይ ቆብ የሌለውን ራሱን ዳበሰ።

ካምቡሮቭ እየተጣደፈ ወጣ። «ጥሩ፣ ጥሩ፣ ተገኘ! እግዚአብሔር ይመስገን። በይ ግቢ ቬሊችካ፣ ደመናው እየመጣ ነው።»

«መጀመሪያ ትናገራለህ» አለችው።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሯት የሠራ ሰው ሁሉ ቬሊችካ አለቃን አንተ ስትል ሰምቶ አያውቅም። ካምቡሮቭም ራሱ የሰማውን ለማመን ትንሽ ጊዜ ወሰደበት።

«ምን?»

«በድምፅ ማጉያ አይደል ስሜን ያጠፋኸው? በድምፅ ማጉያ ትመልሰዋለህ። እኔ ሌባ እንዳልሆንኩ፣ ዲስኩን ማን እንደሰቀለው፣ አንተም እንደዋሸህ። በገዛ አፍህ።»

«አሁን ጊዜው ነው እንዴ! ዝናቡ...»

«ዝናቡን እኔ አላመጣሁትም።»

ካምቡሮቭ ገበሬዎቹን አየ፤ ማንም ከጎኑ የሚቆም አልመሰለውም። መስኮቱ ውስጥ እጁን ሰዶ ማይክሮፎኑን አወጣ። ጉሮሮውን ጠረገ፤ ድምፁ በግቢው ሁሉ አስተጋባ። «የተከበራችሁ አምራቾች፣ በተፈጠረው የቴክኒክ አለመግባባት ምክንያት...»

ቬሊችካ ዲስኩን በሁለት እጇ ጠርዝና ጠርዙን ይዛ አጠፈችው። ዲስኩ እንደ ቀስት ጎበጠ።

«አትስበሪው!» ብሎ አንድ ሰው ከኋላ ጮኸ። ሌላውም ጮኸ። ጋሽ ሚንቾ «ቬሊችካ፣ በባልሽ ነፍስ!» አለ።

«አለመግባባት የለም» አለች፤ ጣቶቿ ነጭ ሆነዋል። «እኔና አንተ በደንብ ተግባብተናል። እንደገና ጀምር።»

ነጎድጓድ ከወንዙ ማዶ ተሰማ። ካምቡሮቭ ከአንገቱ እስከ ጆሮው ቀላ። ሲናገር ድምፁ እንደ ሕፃን ቀጥኖ ነበር።

«ዲስኩ... ዲስኩ እዚሁ ነበር። ስቪለን ነው ዛፍ ላይ የሰቀለው። ወይዘሮ ቬሊችካ ምንም አልወሰደችም። እኔ... ሳላጣራ ነው የተናገርኩት።»

«ሳታጣራ?»

«ዋሽቻለሁ!» አለ፤ ጩኸቱ በድምፅ ማጉያው ግድግዳውን መትቶ ተመለሰ። «ዋሽቻለሁ፤ በቃሽ?»

አልበቃትም። ግን ዲስኩን ለቀቀችው፤ ቀስ ብሎ ተቃና። ያኔ ነው ያደረገችው የገባት። ልትሰብረው ነበር። ለማስፈራራት አልነበረም፤ ካምቡሮቭ አንድ ጊዜ እንኳ ደግሞ ቢያድበሰብስ ኖሮ የዚያን ሁሉ ሰው የዓመት ልፋት በሁለት አውራ ጣቷ ልትሰብር ነበር። ይህ አስፈራት፤ ንዴቷን ግን አላበረደውም።

ገብታ ዲስኩን በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አጠበችው። ፀሐይና አሸዋ ፊቱን ጫጭረውት ነበር። «የጥርስ ሳሙና ያለው ሰው!» ብላ በመስኮት ጮኸች። ሦስት ቀን መንገድ ላይ ያደረ ሰው ብዙ ነውና አራት ቱቦ መጣላት። በጥጥ ጨርቅ ከመሐሉ ወደ ጠርዙ፣ በክብ ሳይሆን ቀጥ ቀጥ አድርጋ ወለወለችው።

«ፍሎፒዎቹስ እንዴት ተረፉ?» ብሎ ጠየቀ አንዱ ገበሬ በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ።

«አያብረቀርቁማ!» አለች። ሳቁ፤ እሷ አልሳቀችም።

ሃርድ ዲስኩን ባዶ አድርጋ ከመጀመሪያው ጀመረች። ኮምፒውተሩ የሁለተኛውን እትም ዲስክ ማንበብ እንደጀመረ ቆመና ጥያቄ አመጣ። ስቪለን ከኋላዋ ሆኖ «ምን አለ? ምን አለ?» ይላል።

«ዲስኩ ማሻሻያ ነው። የቀድሞ እትም እንዳለን አሳዩኝ ነው የሚለው። ያንን የባዛር ዲስክህን አምጣ።»

ስቪለን ደስ ብሎት አቀበላት። «አየሽ፣ ጠቀመ!»

«ዝም በል» አለችው።

ኮምፒውተሩ የባዛሩን ዲስክ አየና ረካ። ቀጥሎ የሲሪያል ቁጥሩን ጠየቀ፤ ሃያ አምስት ፊደልና አኃዝ። ቁጥሩ የተጻፈበት ካርቶን ከመቼ ጀምሮ እንደጠፋ ማንም አያውቅም። ካምቡሮቭ በሩ ላይ ሆኖ «አሁንስ ምን ልናደርግ ነው?» አለ። ቬሊችካ ወደ እሱ ሳትዞር፣ እጇ እየሮጠ፣ ሃያ አምስቱንም ከራሷ አወረደችው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ የጻፈችው ቁጥር ነው። «ይሄንንም ሰርቄ ነው የያዝኩት» አለች።

ፋይል መገልበጡ ሰባ ስምንት በመቶ ላይ ሲደርስ ቆመ። «ፋይሉን ማንበብ አልተቻለም።» ደግማ ሞከረች፤ ያው ነው። ዲስኩን አውጥታ ብርሃን ላይ አየችው፤ ከጠርዙ አጠገብ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጭረት። በዛፍ ላይ የመጣ ይሁን ራሷ ስታጥፈው የመጣ አላወቀችም። ያንን ሐሳብ ገፋችው። እንደገና ሳሙና፣ እንደገና ውልወላ። ከውጭ የንፋሱ ድምፅ ሸራዎቹን ያንኳኳል። ዲስኩን መልሳ አስገብታ «ድገም» የሚለውን ስትጫን ማሽኑ አቃሰተ፣ ጮኸ፣ ለረጅም ጊዜ ተሽከረከረ፤ ከዚያ ሰባ ዘጠኝ አለ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን አረንጓዴዋ መሰኪያ ታወቀች። ፕሮግራሙ ተከፈተ። የመጀመሪያው ተሳቢ ሚዛኑ ላይ ሲወጣ ቁጥሩ ከዜሮ ተነሥቶ ዘለለ፣ ተወዛወዘ፣ ቆመ። ከውጭ ጭብጨባ ተነሣ። ቬሊችካ «ቀጣይ!» ብቻ አለች።

አንድ ሰዓት ያህል ሳትቆም መዘነች። ሃያ ስድስት ተሳቢ አለፈ። ከዚያ ዝናቡ መጣ፤ እንደዚያ ዓይነት ዝናብ በሸራ አይመለስም። ከሰልፉ ግማሽ በላይ ገና ውጭ ነበር። ሰዎች በጩኸት ይሯሯጣሉ፣ ሸራ ይጎትታሉ፣ ይሳደባሉ፤ የሚሰድቡት ሰማዩን ይሁን ካምቡሮቭን አይለይም።

የጋሽ ሚንቾ ተራ ሲደርስ የተሳቢው ጎን ውሃ ያንጠባጥብ ነበር። የጎተራው የጥራት ላቦራቶሪ ስንዴው ረጥቧል፣ ለዳቦ አይሆንም፣ ለከብት መኖ ብቻ ነው ብሎ ጻፈለት። ወረቀቱን በመስኮት ሊቀበል ሲመጣ ውሃ ከቅንድቡ እየወረደ ነበር።

«ቬሊችካ» አለ። «አጥፍቻለሁ። ማሪኝ።»

አየችው። ያን ጊዜ አንድ ነገር አሰበች፤ ካምቡሮቭን ለማናዘዝ የፈጀችው ሃያ ደቂቃ፣ ስምንት ወይም ዘጠኝ ተሳቢ ነው። ሚንቾ ከዝናቡ በፊት ከገባው የመጨረሻ ሰው ቀጥሎ አምስተኛ ነበር። እሱም ይህን ሳያሰላ አልቀረም። አላነሣባትም።

«ስምንት ሰው ፊት ነው የሰደብከኝ» አለችው። «እኔ ብቻ ስሰማ ይቅርታ ብትለኝ ምን ያደርግልኛል?»

«ልክ ነሽ።»

«ወረቀትህን ያዝ። ቀጣይ!»

ሄደ። ጀርባውን በመስኮቱ ተከትላ አየች። ካምቡሮቭ ዋሸ፣ ስቪለን ሰቀለ፣ ስንዴው የረጠበበት ግን ሚንቾ። ይህ ፍርድ ነው? አለች በልቧ። የተናደደችበት ሰው ሁሉ ደረቅ ሆኖ በሩ ላይ ቆሟል።

የመጨረሻው ተሳቢ ሲያልፍ ካምቡሮቭ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ፤ እንደ ቤተሰብ። «ከሰኞ ጀምሮ ተመለሺ። ስቪለንን ወደ መጋዘን እወስደዋለሁ። ሁለታችንም ተቆጥተን ነበር፤ አለፈ።»

«አንተ አልተቆጣህም» አለችው። «አንተ ፈርተህ ነበር። የተቆጣሁት እኔ ነኝ፤ አላለፈም።»

«ምን ትፈልጊያለሽ እንግዲህ?»

«ወረቀት። ማኅተም ያለበት። በድምፅ ማጉያ ያልከውን ትጽፍልኛለህ። ንፋስ የወሰደው ቃል አይበቃኝም።»

ሊከራከር አፉን ከፈተ፤ ከዚያ በመስኮቱ ውሃ እየረገጡ የቆሙትን ገበሬዎች አየና እስክሪብቶ አነሣ። አራት መስመር ጻፈ። ሁለተኛው መስመር ላይ «ባለማስተዋል» የሚል ቃል አስገብቶ ነበር፤ አስደምስሳ ሌላ ወረቀት አስጻፈችው። ማኅተሙን ሲመታ ጠረጴዛው ተናጋ።

ሰኞ አልተመለሰችም፤ ሌላም ቀን አልተመለሰችም። የመጫኑን ሥራ ግን ከመሄዷ በፊት ከአንድ እስከ አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ሰጥታ ጽፋ ለስቪለን አንብባለታለች፤ እያንዳንዱን እስኪደግመው ድረስ። ለሱ ብላ አልነበረም። የሚቀጥለው ዓመት ስንዴ የካምቡሮቭ ስላልሆነ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ወረቀቱን በፎቶ ኮፒ ስምንት አድርጋ አባዛችው። በዚያ ከተማ የሞተ ሰው ሲኖር ፎቶውና ስሙ ያለበት ወረቀት በየምሰሶው፣ በየበሩ፣ በአውቶቡስ ማቆሚያው ይለጠፋል፤ ሰው ሁሉ ቆሞ ያነባል። ቬሊችካ ሙጫዋን ይዛ ወጣችና ወረቀቶቿን ከሟቾቹ መሐል መሐል ለጠፈች። አንዱን ካምቡሮቭ በየቀኑ መኪናውን የሚያቆምበት ምሰሶ ላይ ስትለጥፍ አንዲት አሮጊት ቆመው መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«ማን ነው የሞተው ልጄ?»

«ማንም አልሞተም እማማ። ያንብቡት» አለችና ጠርዙን በመዳፏ አጥብቃ ተጭና ወደሚቀጥለው ምሰሶ አለፈች።